ንቡ አሳምሪኝ አላለም

እትዬ አሳምሪኝ ጓሮ ቆማ ማንጋት ከጀመረች ወዲህ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል። ዛሬም ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከፎቶ ቤቱ በስተጀርባ ካለችው የአትክልት መደብ ጎን፣ በአንድ እጇ ዣንጥላ በሌላው ነጭ ካርቶን ይዛ ተገትራለች። ዝናብ የለም። ዣንጥላው ነፋስ እንዲጋርድ ነው፤ ካርቶኑ ብርሃን እንዲመልስ ነው። እሷ እዚያ ምን ትሠራ እንደሆነ ለጠየቃት ሰው ደግሞ መልሷ አጭር ነው፦ "ችካል ጠፍቶ።"

"አትተንፍሺ" አለ ወንድሟ፣ ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል።

"ልሙትልህ?"

"እትዬ፣ ትንፋሽሽ ዘንጉን ያወዛውዘዋል ነው የምልሽ።"

"እናታችን አንተን ስትወልድ፣ ይሄ ልጅ አድጎ ትንፋሽ ይከለክልሻል ብላ ብትነግረኝ ያኔውኑ ለጎረቤት እሰጥህ ነበር።"

"ዝም በይ ብቻ፣ አሁን ዓይኑ ላይ ደርሻለሁ።"

ዝም አለች። ዝም ማለት ከመቆም ይልቅ ያደክማታል፤ ግን ዝም አለች።

ስሟን ያወጡላት ደንበኞች ናቸው። ፎቶ ቤቱ ሰው የሚጋፋበት በነበረ ጊዜ ወንድሟ ፊት ለፊት ባለው ክፍል፣ ሐይቅ ከተሳለበት መጋረጃ ሥር ሰውን እያስቀመጠ ያነሳል። እሷ ከኋላ ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበሯ ላይ ሆና፣ በሾለ እርሳስ ፊልሙ ላይ ማዲያት ታጠፋለች፣ ብጉር ታከስማለች፣ የተሸበሸበ ግንባር ትዘረጋለች። ሰዉ ተነስቶ ሲወጣ በመጋረጃው ብቅ ይልና "እትዬ፣ አደራ አሳምሪኝ" ይላታል። ታሳምራለች። ሙሽራውን፣ ነጋዴውን፣ መነኩሲትን ሳይቀር አሳምራለች። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው ተመልሶ መጥቶ "ሽብሽቤን መልሺልኝ" ያላት የለም።

ከዚያ ስልክ መጣ። ሰው ሁሉ ራሱን አንሺ፣ ራሱን አሳማሪ ሆነ። ፎቶ ቤቱ ውስጥ የቀረው ለመታወቂያ የሚነሳ፣ ተበሳጭቶ የሚገባ፣ ተበሳጭቶ የሚወጣ ሰው ብቻ ነው። ወንድሟ ኮምፒውተር ገዛ፤ በብዕር እየነኩ የሚሠሩበትን ሰሌዳም ገዝቶ አስተማራት። ፊደል ስላልቆጠረች የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚባል አታውቅም። የቱ ጋ እንደተቀመጠ ግን ታውቃለች፤ ይበቃታል። የሚያሳምሩት ፊት ነው የጠፋው።

ይሄን ጊዜ ነው ወንድሟ በነፍሳት ያበደው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትንሽ ፍጥረት በጣም ቀርበው ሲያነሱት ካሜራ ንፉግ ይሆናል። የንብ ዓይን ሲጠራ ቀንዱ ይደበዝዛል፤ ቀንዱ ሲጠራ ክንፉ ጭጋግ ውስጥ ይገባል። ሁሉንም አንዴ አይሰጥም። ስለዚህ ወንድሟ ካሜራውን ትንሽ ሐዲድ ላይ ያስቀምጥና፣ ማዞሪያዋን ከጸጉር ባነሰ እየገፋ፣ ያንኑ ፍጥረት ደጋግሞ ደጋግሞ ያነሳዋል። በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ የጠራችው አንዲት ስስ ቁራጭ ናት፤ የቀረው ብዥታ ነው። ኋላ ኮምፒውተሩ ከየፎቶው የጠራ የጠራውን እየለቀመ ያነባብረውና ከቀንድ እስከ ጭራ የጠራ አንድ ፎቶ ያወጣል። ወንድሟ "ማነባበር" ይለዋል። እሷ "ልብ ማድረቅ" ትለዋለች።

ታዲያ ፍጥረቱ መሃል ላይ አንድ እግሩን ካነሳ ጉድ ነው፤ ፎቶው ላይ ሰባት እግር ይዞ ይወጣል። ነፋስ ከነካው ደግሞ ባለ ሁለት አፍንጫ ይሆናል። ለዚህ ነው ጎህ ሲቀድ፣ ብርዱ ነፍሳቱን አደንዝዞ በያዘበት ሰዓት የሚቆሙት። ያም ሆኖ ትርፍ እግር አይጠፋም። ያንን ትርፍ ማጥፋት የእሷ ሥራ ነው። ትርፉን ብቻ፤ ይሄን ልብ በሉ፣ ኋላ መዘዝ ያመጣል።

የዚህ ሁሉ መከራ ምክንያቱ የእርሻ ትምህርት ቤቱ ነው። ለአትክልተኞች የሚሆን የጓሮ ነፍሳት ሥዕላዊ መጽሐፍ እያዘጋጁ፣ ለሙከራ አንድ ፎቶ እንዲልክላቸው ጠይቀውታል፤ ቀፎ የሌለው፣ ለብቻው የሚኖር የአንድ ዓይነት ንብ ፎቶ። ከወደዱት የመጽሐፉን ሥራ በሙሉ ለእሱ ይሰጣሉ፤ ፎቶ ቤቱም ይተርፋል። ካልወደዱት በወሩ መጨረሻ ቤቱ ለስልክ ሽፋን ሻጩ ይሄዳል። ሽፋን ሻጩ መጥቶ ግድግዳውን በሜትር ለክቶታል። የእትዬ አሳምሪኝን ወንበርም በእግሩ ገፋ አድርጎ "ይሄ ይወጣል አይደል?" ብሏል፣ እሷ እየሰማች።

ወንበሩ ከወጣ እሷ የት እንደምትገባ ታውቃለች። ልጇ ፎቅ ላይ፣ አራተኛው ደርብ፣ መንታ ይዛ ተቀምጣለች። "እማዬ፣ ምን አለፋሽ? ነይና ከመንትዮቹ ጋር ተጫወቺ" ትላታለች በስልክ። እትዬ አሳምሪኝ "ተጫወቺ" ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋትም፤ አራት ልጅ አሳድጋለች። የልጅ ልጆቿን አትጠላም። ግን እንደ ቁም ሣጥን በደረጃ ተሸክመው ወስደው አንድ ጥግ እንዲያስቀምጧት አትፈልግም። ጠዋት ተነስታ የምትሄድበት አንድ ቦታ አላት፤ እሱም ያቺ ወንበር ናት።

ንቡን ያገኘችው እሷው ነበረች። አንድ ማለዳ መደቡ ላይ ካለው የሮዝሜሪ ቁጥቋጦ መሃል፣ ከአንድ ደረቅ የአበባ ዘንግ ላይ፣ በጥርሱ ነክሶ፣ እግሩን ሰብስቦ ተንጠልጥሎ አየችው።

"ሞቶ ነው?" አለች።

"ተኝቶ ነው" አለ ወንድሟ። "ወንዶቹ ጎጆ የላቸውም፤ ሲመሽ ዘንግ ነክሰው ነው የሚያድሩት። ደግሞ ቦታ አይቀይሩም።"

"አሃ፣ በጥርሱ ነው የቆመው። እንደኔ።"

ሽማግሌ ንብ ነበር። ክንፉ ጫፍ ጫፉ ተበልቶ እንደ አሮጌ ቀሚስ ጠርዝ ተተልትሏል፤ ጀርባው ላይ የነበረው ጸጉር ረግፎ መላጣው ይታያል። ሰውነቱ ሞቅ ሲለው በየማለዳው እያነከሰ ይነሳና ይሄዳል፤ ሲመሽ ተመልሶ ያቺኑ ዘንግ ይነክሳል። "ሽማግሌው" አለችው። ማታ ማታ ቤቷ ከመሄዷ በፊት ጓሮ ወጥታ መግባቱን ታያለች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም፤ በዚህ ዕድሜዋ ንብ ትጠብቃለች እንዲሏት አልፈለገችም።

አትተንፍሺ ባላት በዚያ ቀን ጠዋት ፎቶው ተነስቶ አለቀ። ወንድሟ ኮምፒውተሩ ላይ አነባብሮት ሲያበቃ ዓይኑ ደም መስሏል።

"ቀንዱ ሁለት ሁለት ሆኗል" አለ። "ትርፉን አጥፊልኝና ቀስቅሺኝ። ዛሬ መላክ አለብኝ።" ሐይቁ ከተሳለበት መጋረጃ ሥር ካለችው አግዳሚ ላይ ጋደም አለ፤ ጫማውን እንኳ አላወለቀም።

እትዬ አሳምሪኝ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ትርፉን ቀንድ አጠፋች። ቶሎ አለቀ። ከዚያ ብዕሯን ይዛ ቀና ብላ አየችው። ሽማግሌው ኮምፒውተሩ ላይ ጥጃ አክሎ ተንጠልጥሏል። ያ ተልታላ ክንፍ፣ ያ መላጣ ጀርባ አንድ ሳይቀር ጠርቶ ወጥቷል፤ አቧራው እንኳ ይቆጠራል። አንጀቷን በላት።

"እንዲህ ሆነህማ ሰው ፊት አትቀርብም" አለችው።

እጇ ራሱ ነው የሄደው። መጀመሪያ የክንፉን ጠርዝ ሞላች። ከሆዱ ሥር ጸጉር እየወሰደች መላጣውን አለበሰችው። አንድ የተሰበረ ጥፍር ነበረው፣ ቀጠለችለት። ወገቧ እስኪገነጠል፣ የመስኮቱ ብርሃን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እስኪዞር ሠራች። ድካሙ ያው ድካም ነው፤ ግን እንደ ድሮው ድካም ነበር፣ ሰው አምሮ የሚወጣበት። ሲያልቅ ሽማግሌው ሙሽራ ሆኖ ቁጭ አለ።

ወንድሟን ቀሰቀሰችው። በአንድ ዓይኑ አየ። "ቀንዱ ጠፋ?" አለ። "ጠፋ" አለችው። ላከው። ኮምፒውተሩ አፉ ድረስ ሞልቶ ስለነበር ያነሳቸውን ቁርጥራጮች በሙሉ ጠርጎ ጣለና ተመልሶ ተኛ።

የትምህርት ቤቱ መምህርት በሦስተኛው ቀን ራሷ መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ትልቅ ቦርሳ ያንጠለጠለች፣ እሷም እንቅልፍ ያልጠገበች ትመስላለች። ፎቶውን በትልቁ አትማ ይዛዋለች።

"ጤና ይስጥልኝ እናቴ። ይሄ ፎቶ የተነሳው እዚህ ነው?"

"የተነሳውም እዚህ፣ ያማረውም እዚህ ነው" አለች እትዬ አሳምሪኝ።

መምህርቷ ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። ወንድሟ እጁን እያሻሸ መጣ።

"ጥራቱ የሚገርም ነው" አለች መምህርቷ። "እንዲህ የጠራ ፎቶ ደርሶን አያውቅም። ችግሩ ምን ዓይነት ንብ እንደሆነ አላወቅነውም።"

"ያዘዛችሁኝ ንብ ነዋ!" አለ ወንድሟ።

"እኛም መስሎን ነበር። ግን ክንፉን እዩት፤ ገና ዛሬ የወጣ ክንፍ ነው። በዚህ ወቅት አዲስ የወጣ የለም፣ ያሉት ሁሉ ያረጁ ናቸው። ደግሞ ጀርባው ላይ ያለው ጸጉር የጀርባ ጸጉር አይደለም። ባልደረባዬማ አዲስ ዘር ተገኘ ብሎ ሰፈሩን ሲያተራምስ ነው የከረመው።"

ወንድሟ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ። መጀመሪያ ክንፉን አየ። ቀጥሎ ጀርባውን። ከዚያ ቀና ብሎ እህቱን አየ።

"እትዬ..."

"ምን እትዬ ትለኛለህ? ከራሱ ሆድ ነው የወሰድኩት፤ ከሰው ንብ አልሰረቅኩም።"

መምህርቷ ሳቋ አመለጣትና በእጇ አፈነችው። ወንድሟ ግን አልሳቀም።

"እናቴ" አለች መምህርቷ፣ ረጋ ብላ፣ "መጽሐፉን የሚይዘው አትክልተኛ ጓሮው ሲወርድ የሚያገኘው የተቀዳደደውን ነው። ይሄን የሚያምር አይቶ ያንን ሽማግሌ አያውቀውም። ተባይ መስሎት መድኃኒት ይረጭበታል።"

እትዬ አሳምሪኝ ሽማግሌ የሚለው ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ስትሰማ ቅር አላት። ስሙን ያወጣችው እሷ ናት።

"እና አሁን ሽብሽቡን መልሺ ነው የምትዪኝ?"

"አዎ እናቴ። የመጀመሪያው ካለ እሱን ስጡን።"

የመጀመሪያው የለም። እሷ የሠራችው እዚያው ላዩ ላይ ነው፤ ቁርጥራጮቹን ወንድሟ ጠርጎ ጥሏቸዋል። ይሄን ሲናገር ድምፁ አይሰማም ነበር። መምህርቷ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ መጠበቅ እንደምትችል፣ ከዚያ በላይ ግን ማተሚያ ቤቱ እንደማይታገሣት ነግራቸው ወጣች።

ቢጮህባት ይሻላት ነበር። አልጮኸም። አግዳሚዋ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን እያየ፣ "በቃኝ እትዬ" አለ። "ደከመኝ። ለሽፋን ሻጩ ደውዬ ልንገረው።"

"ንቡ አለ አይደል? ደግመህ አንሳዋ።"

"ስንት ቀን ይኖራል ብለሽ ነው? አላየሽውም እንዴ፣ ክንፉ አልቋል እኮ።"

"አይቼዋለሁ። ማነው የሰፋለት?" አለችና ተነስታ ወጣች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ቀልዱ ያስቃት ነበር።

ያን ምሽት ጓሮ ቆማ ጠበቀች። ነፋስ ነበር። ዘንጉ ባዶውን ይወዛወዛል። ልጇ ደወለች፤ መንትዮቹ ከኋላ ያለቅሳሉ። "እማዬ፣ ቁርጥሽን ንገሪኝ፣ ሠራተኛዋን ላሰናብታት ወይስ አላሰናብታት?" አለቻት። "አታሰናብቻት" አለችና ዘጋችው፤ ዘግታም ምን ይዤ ነው እንዲህ የምፎክረው ብላ ራሷን ታዘበች። ሽማግሌው ሳይመጣ ጨለመ።

በማግስቱም አመሻሽ ላይ ወጣች። ነፋሱ ወድቋል። የሮዝሜሪውን ቅርንጫፍ ገለጥ ስታደርግ እዚያው ዘንግ ላይ፣ እዚያው ቦታ፣ በጥርሱ ነክሶ ተንጠልጥሏል። ክንፉ ከበፊቱም ብሷል።

"መጣህ? እኔማ ጥለኸኝ የሄድክ መስሎኝ" አለችው። እንዳይሰማት ቀስ ብላ ሄደች።

ጎህ ሲቀድ የወንድሟን በር በመዳፏ ደበደበችው።

"ተነስ!"

"እትዬ፣ አልችልም፣ ወገቤ..."

"ወገብህን ይዘህ ተነስ። እኔ ጉልበቴን ይዤ መጥቻለሁ።"

እያቃሰቱ ወጡ፤ እሱ ወገቡን፣ እሷ ጉልበቷን። ዣንጥላው፣ ካርቶኑ፣ ሐዲዱ፣ ሁሉም በየቦታው ገባ። በዚያ ማለዳ አትተንፍሺ ያላት የለም፤ ራሷ ነች ትንፋሿን የያዘችው። ወንድሟ ማዞሪያዋን ይገፋል፣ ያነሳል፣ ይገፋል፣ ያነሳል። ክንዷ ዝሎ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ዣንጥላውን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ቻለችው። እግሯ ሥር ጤዛው ጫማዋን አልፎ ገባ። ሽማግሌው አንድ ጊዜ እንኳ ቀንዱን አላነቃነቀም።

"ምን ዓይነት ጨዋ ነው!" አለ ወንድሟ በሹክሹክታ። "እንዲህ ዝም ብሎልኝ አያውቅም።"

ሲጨርሱ ፀሐይዋ ግንቡን ተሻግራ መደቡ ላይ አረፈች። ዝንቦቹ ተነሱ። አንዲት ጥንዚዛ ቅጠሏን ትታ ሄደች። ሽማግሌው አልተነሳም። እትዬ አሳምሪኝ ጠበቀች፣ ፀሐይዋ ጀርባውን አሞቀችው፣ አልተነሳም። ካርቶኑን ከሥሩ አድርጋ ያን ሲከለክሏት የከረሙትን ትንፋሽ እፍ አለችበት። እንደ ገለባ ወድቆ ካርቶኑ ላይ አረፈ።

ወንድሟ ጎንበስ ብሎ አየው።

"ለካ ለዚህ ነው" አለ ወንድሟ።

"አዎ፣ ለዚህ ነው" አለች። "ማታ ሲመጣ ለመሰናበት መጥቶ ነው፤ እኔ ደግሞ ልደር ብሎ መስሎኝ።"

ሮዝሜሪው ሥር አፈሩን በጣቷ ጫር አድርጋ አስቀመጠችው። ለመነሳት ወንድሟ እጇን መያዝ ነበረበት።

ፎቶው ሲነባበር ትርፍ እግር የለው፣ ትርፍ ቀንድ የለው፤ ምንም የሚጠፋ ነገር አልነበረበትም። ወንድሟ ግን ብዕሩን ሰጣትና ከጎኗ ቆመ።

"እይው እስቲ" አለ።

አየችው። የተተለተለው ክንፍ፣ መላጣው ጀርባ፣ የተሰበረው ጥፍር፣ ዘንጉ ላይ የተጣበቀው ጥርሱ፣ ሁሉ ቁልጭ ብሏል። እጇ ወደ ክንፉ ሄደ። የዕድሜ ልክ አመል ነው፣ ምን ታድርግ። ብዕሩ ሰሌዳውን ሳይነካ ቆመ። ቆይቶ ቆይቶ መልሳ አስቀመጠችው።

"አሳምሪኝ አላለኝም" አለች። "ላክላት። ደግሞ ሞቶ ነው በላት።"

"እትዬ፣ ምን አስነገረኝ? ካልተቀበሉትስ?"

"አንዴ ዋሽተናታል። ይብቃ። ካልተቀበሉት ሽፋን ሻጩ ወንበሬን ያውጣ፤ እኔ ግን ያቺን ልጅ ሁለተኛ ባንኮኒ ላይ ወረቀት ዘርግታ እንዳላያት።"

ላከው፤ መምህርቷ እስክታየው ቆይቶ ደወለላት። እትዬ አሳምሪኝ ጀርባዋን ሰጥታው መስኮቱን እያየች ነበር፤ ጆሮዋ ግን ስልኩ ውስጥ ገብቷል። ሞቶ እንደነበር ነገራት። "እሺ" አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "እሺ" አለ። ከዚያ ዘጋውና ግድግዳውን ተደግፎ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

"ምን አለች?"

"ከሥሩ፣ ፎቶው የተነሳው ንቡ ከሞተ በኋላ ነው ብላችሁ ጻፉበት አለች። ሌላ ችግር የለውም።" ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። "መጽሐፉን በሙሉ ሰጥታናለች፣ እትዬ። ሙሉውን። ሽፋን ሻጩ ሌላ ግድግዳ ይለካ።"

እትዬ አሳምሪኝ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ደስ ሊላት እንደሚገባ ታውቃለች፤ ደስታው ግን ከጉልበቷ በኋላ የሚመጣ ይመስል ዘገየባት። ጫማዋን አወለቀች። ካልሲዋ አሁንም እርጥብ ነው።

"ሙሉው መጽሐፍ ስንት ነፍሳት ነው?"

"ብዙ ነው። የሚሳበው አለ፣ የሚበረው አለ..."

"ሁሉም ጎህ ሲቀድ?"

"ሁሉም ጎህ ሲቀድ። ነገ በዝንብ እንጀምር ብዬ ነበር።"

ዝንቡን አሰበችው። ቋሚ ቦታ የለው፣ ዕረፍት የለው፣ ጨዋነት የለው። ዣንጥላውን አሰበች፣ ካርቶኑን አሰበች፣ ጤዛውን አሰበች። የምትፈልገውን ነው ያገኘችው፤ ወንበሯ አልወጣም። ወንበሯ ላይ የምትቀመጥበት ጊዜ ነው አሁን የጠፋው።

"ዝንቡ ከነገ ወዲያ ይምጣ" አለችና እርጥቡን ካልሲ መስኮቱ ላይ ሰጣችው። "ነገ እተነፍሳለሁ።"